ዳማ አልነሳም ያለች ዕለት

ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባላል። ውሻንስ ምን ያነሳዋል? የምነግራችሁ እሱን ነውና ጆሯችሁን ስጡኝ።

ከወንዝ በላይ፣ ዋርካ በር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዘነቡ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለደችም። ያለቻት አንዲት ዳማ የምትባል ቀይ ውሻ ናት። ጠዋት ጠዋት ዘነቡ በሯን ስትከፍት ዳማ ብድግ ትላለች፣ ትንጠራራለች፣ ውሃዋን ላፍ ላፍ አድርጋ ትጠጣለች። ያን ጊዜ ዘነቡ “እንዴት አደርሽ” ትላታለች። በዚያ ቤት የቀኑ የመጀመሪያ ቃል ሁልጊዜ ይኸው ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ዘነቡ በሯን ብትከፍት ዳማ ብድግ አላለችም። ከአጥሩ ሥር በታሰረችበት ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ዘነቡ የውሃውን ሳህን አስጠጋችላት። ዳማ በዓይኗ ብቻ አየችው። ምን ሆና ነው ብላ እጇን ወደ ፊት እግሯ ብትሰድ፣ ዳማ ጥርሷን ገልጣ አጉረመረመችባት። ዘነቡ ክው አለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያቺ ውሻ በእሷ ላይ አንድ ቀን ጥርሷን ገልጣ አታውቅም። እጇን ሰብስባ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ይህን ጊዜ ፈንታ በአጥሩ በኩል ያልፍ ነበር። ፈንታ የሰፈሩ ሰው ነው። በግንቦት አንድ እብድ ውሻ ሰው ከነከሰ ወዲህ፣ ባለቤት ለሌላቸውና ለተጠረጠሩ ውሾች መርዝ ያለበት ሥጋ የሚጥለው እሱ ነው። ሥራውን ወዶት አይደለም፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው። ፈንታ ማጉረምረሟን ሰማ፣ ያልተነካውን ውሃ አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

“እትዬ ዘነቡ፣ የማትነሳ፣ ውሃ የማትጠጣ፣ በባለቤቷ ላይ የምታጉረመርም ውሻ ምን እንደያዛት እኔም አንቺም እናውቃለን” አለ።

ዘነቡ እብደት አይደለም ልትለው ፈለገች፤ ግን ምኑን ይዛ? ሐኪም እስካሳይ ታገሠኝ ብላ ለመነችው። ፈንታ ወደ ፀሐይዋ አንጋጠጠና እስከ ቀትር ጊዜ ሰጣት። ተነስታ ውሃ ስትጠጣ በዓይኑ ካየ ይተዋታል። ካላየ ግን ለሰፈሩ ልጆች ሲል ሥጋውን ይጥላል። እንዲህ ብሎ ሄደ። ዘነቡም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ፍላጎቷ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳማ ትነሳ። ዳማ ካልተነሳች ፈንታ አይተዋት።

የእንስሳት ክሊኒኩ ያለው ከከተማው ጫፍ ነው። ሐኪሟ ልዕልና የምትባል ወጣት ናት፤ ወደ ዋርካ በር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። የዘነቡን ነገር ቆማ ሰማች። ሰምታ ስታበቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ለውሻዋ የሰጠቻት መድኃኒት እንዳለ ነበር። ዘነቡ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ቋጠሮው ውስጥ ሁለት የራስ ምታት ኪኒን አለ። በዳቦ ጠቅልዬ ልሰጣት ነበር፣ አልበላ ስላለችኝ ተውኩት አለች። ሐኪሟ ኪኒኖቹን ተቀበለቻትና የሰው ማስታገሻ ውሻን ሊገድል እንደሚችል ነገረቻት። የፈንታን መርዝ ፈርታ ስትሮጥ፣ ለካ ሌላ መርዝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ኖሯል የምትሮጠው።

“እብደት ሊሆን ይችላል፤ እግሯን አሟትም ሊሆን ይችላል” አለች ሐኪሟ። “ያመማት ውሻ ሲነኳት ታጉረመርማለች። ግን ሳልነካት አላውቅም፤ አፏ ሳይታሰር ደግሞ አልነካትም።”

ከመሳቢያ ውስጥ የውሻ አፍ ማሰሪያ አወጣች። የቆዳ ነው፤ ጠፍሩ ተበጥሶ ሁለት ቦታ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ውሻ ነው የበጠሰው። ሌላ ማሰሪያ በዚህ ከተማ የለም። አሰፍተው ይምጡ፣ ጓንቴን አጥልቄ እጠብቅዎታለሁ ብላ ላከቻት። ዘነቡ ማሰሪያውን በብብቷ ሸጉጣ ወደ ገበያው ገሰገሰች። ማሰሪያው ካልተሰፋ ሐኪሟ አትነካ፤ ሐኪሟ ካልነካች ዳማ አትነሳ፤ ዳማ ካልተነሳች ፈንታ አይተዋት።

ጫማ ሰፊው ጋሽ ተረፈ ከገበያው መግቢያ ጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠዋል። ወስፌያቸው ሳጥናቸው ላይ ነው፤ ክራቸውም ሳጥናቸው ላይ ነው፤ ሁለት እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ነው። ዘነቡ ጠጋ ብላ ብታይ ጭናቸው ላይ ድመታቸው ተጋድሟል። ንጋት ላይ ከጎረቤት ጣሪያ ወድቆ የኋላ እግሩ ተሰብሯል። እግሩ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፎ ስታየው ዘነቡ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ተረፈ፣ ድመት ከየትም ቢወድቅ በእግሩ ነው የሚያርፍ እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በእግሩ አርፎ እግሩ መሰበሩን ማመን አቅቷቸዋል።

ማሰሪያውን አሳየቻቸው። የሁለት ደቂቃ ስፌት ነው አሉ። ግን እጃቸውን ካነሱ እግሩ ይንጠለጠላል፣ ድመቱም እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሁለት ስንጥር ቢያገኙ ግራና ቀኝ ደግፈው በጨርቅ ያስሩታል፤ ሐኪሟ ጋ እስኪያደርሱት ያቆየዋል፤ የእሳቸውም እጅ ይፈታል። ዘነቡ ከመንገድ ዳር ጭራሮ አንስታ ሰጠቻቸው። ጋሽ ተረፈ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ጠማማ እንጨት ጠማማ እግር ነው የሚያወጣ። አናጺው ይመኑ ይሰንጥቅልኝ” አሉ።

ዘነቡ ተነሳች። አናጺው ካልመጣ ድመቱ አይታሰር፤ ድመቱ ካልታሰረ ማሰሪያው አይሰፋ፤ ማሰሪያው ካልተሰፋ ሐኪሟ አትነካ፤ ሐኪሟ ካልነካች ዳማ አትነሳ፤ ዳማ ካልተነሳች ፈንታ አይተዋት።

የይመኑ ሱቅ ዝግ ነው። የት ሄደ ብትል ከቁልቁለቱ ነው አሏት። ቁልቁለቱን ስትወርድ ያየችው ነገር ባለችበት አቆማት። መሀል አስፋልቱ ላይ አንዲት አህያ በሦስት እግሯ ቆማለች። ይመኑ በጉልበቱ ተንበርክኮ አራተኛውን እግሯን በሁለት እጁ ይዟል። መኪናዎች ጥሩንባ እየነፉ በግራም በቀኝም ይሾልካሉ። ዘነቡ እየፈራች ተጠግታ ወደ እግሯ ብታይ፣ ኮቴው ኮቴ አይመስልም። አድጎ አድጎ፣ ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ጭልፋ መስሏል።

ይመኑ ቀና ብሎ አያት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከገዛ አህያው ኋላ ሲሄድ ዓይኑ ከጭነቱ ላይ ነበር እንጂ እግሯን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። ዛሬ መሀል መንገድ ላይ ቆማ አልሄድም ስትል ነው ጎንበስ ያለው። ጎንበስ ብሎ ባየው ነገር ደንግጦ፣ እንደተንበረከከ ቀረ። አሁን ቢለቃት፣ በዚያ ኮቴ መቆም አትችልምና ትተኛለች። እዚህ ከተኛች ደግሞ ከላይ የሚመጣው መኪና አይምራትም። የእሱ ስለታም መሣሪያ ለእንጨት እንጂ ለኮቴ አይሆንም። የኮቴ ቢላ ያለው ጋሪ ነጂው ኡመር ነው፤ እሱ ከመጣ እኔም እመጣልሻለሁ አላት።

ዘነቡ ወደ ወንዙ ወረደች። በልቧ እየደረደረች ነው የምትወርደው፤ አንዱን ብትረሳ ሁሉም የሚጠፋባት መስሏት። ኮቴው ካልተቆረጠ አህያዋ አትራመድ፤ አህያዋ ካልተራመደች አናጺው አይመጣ፤ አናጺው ካልመጣ ድመቱ አይታሰር፤ ድመቱ ካልታሰረ ማሰሪያው አይሰፋ፤ ማሰሪያው ካልተሰፋ ሐኪሟ አትነካ፤ ሐኪሟ ካልነካች ዳማ አትነሳ፤ ዳማ ካልተነሳች ፈንታ አይተዋት።

ኡመር ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፈረሱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የፊት ግራ እግሩ ከኮቴው በላይ አብጦ ሌላ እግር መስሏል። ትናንት ኡመር የሁለት ፈረስ ጭነት ሲሚንቶ በአንድ ጋሪ ጭኖ ዳገቱን አስወጣው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ ነገር ቋ ሲል በጆሮው ሰምቷል፤ ግን እስኪደርስ ድረስ አላቆመውም። ዛሬ ፈረሱ ከጋጣው ሲወጣ እያነከሰ ወጣ። ጅማቱ ተሳስቦ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያበርድለታል ብለውት አምጥቶታል። ይህን ሁሉ ለዘነቡ ሲነግር ዓይኑን ከውሃው ላይ አላነሳም።

“የሚያነክሰው እሱ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው” አለ።

የአህያዋን ነገር ስትነግረው ወዲያው ተነሳ። ፈረሱ ዛፍ ላይ ታስሮ ውሃው ውስጥ መቆየቱ ደግ ነው፤ እሱ መሄድ ይችላል። ቢላውን ግን ከጋሪው ሥር አውጥቶ አሳያት። ደንዟል፤ ጎመን እንኳን አይቆርጥም። በደነዘ ቢላ ኮቴ ልቁረጥ ቢል ሥጋዋን ይነካና ጭራሽ ሽባ ያደርጋታል። ደህና ሞረድ ያላቸው እማማ ጥሩአለም ናቸው፤ ሟቹ ባላቸው ቢላ ሞራጅ ነበሩ። ሂጂና ለምኛቸው፣ እኔ እከተልሻለሁ አላት።

ፀሐይዋ አናት አናቷን ትላት ጀምራለች። ዘነቡ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። ሞረዱ ካልመጣ ቢላው አይሳል፤ ቢላው ካልተሳለ ኮቴው አይቆረጥ፤ ኮቴው ካልተቆረጠ አህያዋ አትራመድ፤ አህያዋ ካልተራመደች አናጺው አይመጣ፤ አናጺው ካልመጣ ድመቱ አይታሰር፤ ድመቱ ካልታሰረ ማሰሪያው አይሰፋ፤ ማሰሪያው ካልተሰፋ ሐኪሟ አትነካ፤ ሐኪሟ ካልነካች ዳማ አትነሳ፤ ዳማ ካልተነሳች ፈንታ አይተዋት።

የእማማ ጥሩአለም በር ግን በገመድ ታስሯል። ዘነቡ በአጥሩ ቀዳዳ ብታይ፣ አሮጊቷ ቅርጫት አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ቅርጫቱ ውስጥ አንዲት ነጭ ዶሮ አለች። ሞረድ አውሱኝ ብትላቸው፣ ከዚያው ከተቀመጡበት እጃቸውን አወዛወዙ። ዶሮዬን ፈንግል ይዟታል አሉ። ፈንግል የያዘው ዶሮ ሽባ ሆኖ እንደሚሞት፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እንደሚዛመት አገር ያውቃል። ባለፈው ዓመት ዶሮ ሁሉ ያለቀው እንደዚያ ነው። ስለዚህ እማማ ጥሩአለም ግቢያቸውን ዘግተዋል፤ ሰው አይገባም፣ ዕቃ አይወጣም፣ ሞረድም ቢሆን።

“ዶሮዬ ካልቆመች ከዚህ ግቢ ድንጋይ አይወጣም፤ የሰው ዶሮ አልጨርስም” አሉ።

ዘነቡ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። እሳቸውም ትክክል ናቸው፤ ኡመርም ትክክል ነው፤ ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ዳማ ግን ልትሞት ነው። የጀመረችውን ለአሮጊቷ ይሁን ለራሷ ሳታውቀው ጮክ ብላ ትደረድረው ጀመር። ዶሮዋ ካልቆመች ሞረዱ አይወጣ፤ ሞረዱ ካልወጣ ቢላው አይሳል፤ ቢላው ካልተሳለ ኮቴው አይቆረጥ፤ ኮቴው ካልተቆረጠ አህያዋ አትራመድ፤ አህያዋ ካልተራመደች አናጺው አይመጣ፤ አናጺው ካልመጣ ድመቱ አይታሰር፤ ድመቱ ካልታሰረ ማሰሪያው አይሰፋ፤ ማሰሪያው ካልተሰፋ ሐኪሟ አትነካ፤ ሐኪሟ ካልነካች ዳማ አትነሳ፤ ዳማ ካልተነሳች ፈንታ አይተዋት።

እማማ ጥሩአለም ለቅሷቸውን አቁመው ሰሟት። ስታበቃ ዘነቡ አንድ ድምፅ ሰማች። ዶሮዋ እህል እየለቀመች ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ዘነቡ ቀና አለች። ፈንግል የያዛት ዶሮ እህል ትቀምሳለች እንዴ? ትበላለች ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ፣ መብላቱንስ ትበላለች፣ እንቁላልም ትናንት ጥላለች፣ መቆም ነው እምቢ ያላት አሉ።

“እማማ፣ እባክዎ ያንሷትና እግሯን ያሳዩኝ” አለች ዘነቡ።

አሮጊቷ ዶሮዋን አቅፈው ወደ አጥሩ መጡ። በቀዳዳው እግሯን ሲያሳልፉላት ዘነቡ ጮኸች ማለት ይቻላል። ሦስቱ ጣቶቿ አብጠው፣ ጠቁረው፣ እንደ ዘለላ ተጣብቀዋል። ሥራቸው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ዘነቡ በጥፍሯ ነካ ብታደርገው መስመር አይደለም፤ ክር ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ክር ነው፤ ዶሮዋ ስትጭር ተጠምጥሞባት፣ እየጠበቀ እየጠበቀ ሄዶ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥሟል።

እማማ ጥሩአለም አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

“ሦስት ቀን አለቀስኩላት። ሦስት ቀን ሙሉ እግሯን አላየሁትም” አሉ።

መርፌና ምላጭ አመጡ። ዘነቡ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አሾልካ፣ እየሰጋች፣ ክሩን ከሥጋው በመርፌ ጫፍ አንስታ በምላጭ በጠሰችው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር ወጣ። ያ ሁሉ ክር ከዚያች ቀጭን እግር ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ። አሮጊቷ ዶሮዋን መሬት አስቀመጧት። ዶሮዋ ወደቀች። ተነሳች። ሦስት እርምጃ ሄዳ የምትለቅመው ነገር አገኘች።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ዶሮዋ ቆመች፣ ገመዱ ተፈታ፣ ሞረዱ ወጣ። ሞረዱ ወጣ፣ ኡመር ደጃፉ ላይ ቢላውን ሳለ። ቢላው ተሳለ፣ አስፋልቱ ላይ ኮቴው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወደቀ። ኮቴው ተቆረጠ፣ አህያዋ እግሯን አሳረፈች፤ ይመኑ ከጉልበቱ ሲነሳ የራሱ እግር ደንዝዞ እሱም አነከሰ። አህያዋ ተራመደች፣ አናጺው ሱቁን ከፈተ፤ ሁለት ቀጥ ያለ ስንጥር ሰነጠቀ፣ ጠርዙን አለሰለሰ። አናጺው መጣ፣ ድመቱ ታሰረ፤ ጋሽ ተረፈ ጫማ ሳጥን ውስጥ አስተኙት። ድመቱ ታሰረ፣ ወስፌው ተነሳ፣ ማሰሪያው ተሰፋ። ማሰሪያው ተሰፋ፣ ሐኪሟ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዘነቡ ጎን እየሮጠች ወረደች።

ሲደርሱ ግን በሩ ተከፍቷል።

ፈንታ ግቢው ውስጥ ቆሟል። በእጁ ጥቁር ፌስታል ይዟል። ጎረቤቶች ከአጥሩ ውጪ ተኮልኩለዋል። ዳማ አጠገቡ ናት፤ ዓይኗ ፌስታሉ ላይ ነው፤ ምራቋ ይወርዳል። ዘነቡ በላች? ብላ ጠየቀችው። ፈንታ ራሱን ነቀነቀ። አልጣልኩትም አለ፤ ደርሼ ነው የቆምኩት፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ሐኪሟ ጊዜ አላጠፋችም። ፈንታን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ከዘነቡ ጋር ሆና ማሰሪያውን በዳማ አፍ ላይ አጠለቀች። ዳማ ታገለች። ሐኪሟ ከትከሻዋ ጀምራ አጥንቷን እየዳበሰች ወረደች። ክንዷ ደህና ነው። ጉልበቷ ደህና ነው። መዳፏ ላይ ስትደርስ ዳማ በታሰረ አፏ ጮኸች። ሐኪሟ ፀጉሩን በጣቷ ገለጠችው። ዘነቡም ጎንበስ አለች። ጎንበስ ብላ ባየችው ነገር ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

ጥፍሯ ነው። አድጎ፣ እንደ ማጭድ ዞሮ፣ የገዛ መዳፏ ውስጥ ገብቷል። የገባበት ቦታ መግሎ አብጧል።

“ጥፍር የሚያልቀው በመሄድ ነው” አለች ሐኪሟ። “ይህች ውሻ ከታሰረች ስንት ጊዜዋ ነው?”

ዘነቡ ከግንቦት ጀምሮ አለች። አምስት ወር። አንድ ቀን አልፈታኋትም አለች። ሐኪሟ ለምን ብላ ጠየቀቻት። ዘነቡ ፈንታ የያዘውን ፌስታል አየች። ሁሉም ሰው ፌስታሉን አየ።

“እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው” አለች በመጨረሻ።

ይህን ስትናገር ነው የገባት። ዳማን ማንም አልመታት፣ መኪና አልገጫት፣ እብደት አልያዛት። በገዛ እጇ፣ ከፍቅሯ የተነሳ፣ ያሰረቻት እሷው ናት። እንባዋ መጣ፤ ግን ጊዜው የእንባ አልነበረም፤ ሐኪሟ ጭንቅላቷን ይያዙልኝ ብላታለች። መቁረጫው ቀጭ አለ። የተቆረጠውን ጫፍ ከመዳፏ ውስጥ ስባ ስታወጣው መግልና ደም ተከትሎት ወጣ። ታጠበ፣ መድኃኒት ተደረገበት፣ መርፌም ተወጋች። የሌሎቹም ጥፍሮች ጫፍ ተቆረጠ። ከዚያ ሐኪሟ ማሰሪያውን አወለቀች፤ ዘነቡ ሰንሰለቱን ፈታች፤ ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ዳማ ተኝታ ቆየች። መዳፏን ላሰች። ከዚያ የኋላ እግሮቿን ሰበሰበች፣ በአንድ የፊት እግሯ ተደገፈች፣ ተነሳች። ያመመውን እግር መሬት አስነካችው፣ አነሳችው፣ መልሳ አስነካችው። እያነከሰች ወደ ሳህኑ ሄደች። ውሃውን ላፍ ላፍ አድርጋ ጠጣች፤ ሳህኑ እስኪደርቅ ጠጣች፤ ግቢው ውስጥ ከመጠጣቷ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ማሰሪያው ተሰፋ፤ ሐኪሟ ነካች፤ ዳማ ተነሳች።

ዘነቡ ወደ ፈንታ ዞረች። ፈንታ ግን አልሄደም። ጎረቤቶች እየተበተኑ ነው፤ እሱ እንደቆመ ነው። ሐኪሟ ዕቃዋን ስትሰበስብ ጠጋ አላት። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ዘነቡ ግን ሰማችው።

“ዶክተር፣ እኔም ቤት አንድ አለ።”

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው።

“ከግንቦት ጀምሮ ጓዳ ውስጥ አስሬዋለሁ። ሥጋውን የምጥለው እኔ ነኝ፤ የቱ ጋ እንደሚወድቅ አውቃለሁና ፈራሁለት። ይኸው ሦስት ቀን ሆነው፣ አልነሳ አለኝ። ለሰው መናገር አልቻልኩም።”

ዘነቡ አየችው። አምስት ወር ሙሉ በአጥሯ በኩል ባለፈ ቁጥር የፈራችው ሰው፣ ለካ እንደሷው ፈሪ ኖሯል። ሐኪሟ እጇን ዘረጋች፤ ፈንታ ፌስታሉን ሰጣት። ሥጋውን ምን እንደማደርገው እኔ አውቃለሁ፣ ቤቱን አሳየኝ አለችው።

ዘነቡ ማሰሪያውን ከመሬት አንስታ በነጠላዋ ጠረገችው።

“ጭንቅላቱን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ና፣ ቅደም” አለችው ፈንታን።

ፈንታ ቀደመ፤ ሐኪሟ ተከተለችው፤ ዘነቡ ተከተለቻት። ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይስባት፣ በሦስት እግር ተኩል ዳማ ከኋላቸው ወጣች።

የእኔ ነገር እዚህ ላይ ቆመ። ዳማ ግን ገና መሄዷ ነው።